የአባት ስም በሃያ ሁለት ብር ከሃምሳ

አባ፣

ከተቀበርክ ዛሬ ዘጠኝ ወር ከአራት ቀን ሆነ። «አላህ ይዘንልህ» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ አፌ እሺ አላለኝም። እናቴ በየሶላቷ ትልልሃለች፣ የእሷ ይበቃሃል። እኔ የምጽፍልህ ተናድጄ ነው። ትናንት አውራጃ ፍርድ ቤት፣ ከጃንሆይ ሥዕል ፊት ቆሜ፣ አንተ አባቴ እንዳልሆንክ ማልኩ። ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው።

ቤቱን ብታየው አታውቀውም። ሄርማታ ገበያ ያለውን ሱቅህን ባለቤቱ ለጫማ ነጋዴ አከራይቶታል። የተረፈውን አቡጀዲ እናቴ እቤት በክንድ እየለካች ትሸጣለች። ክንዷ ከአንተ ክንድ ያጥራልና ደንበኞችህ ያጉረመርማሉ፤ የሳልህ ክንድ ረጅም ነበር ይላሉ። ራዲዮንህን ሸጥነው። እኔ የመምህራን ማሠልጠኛውን ጨርሼ አጋሮ ተመደብኩ። የምደባውን ወረቀት ይዤ ስገባ እናቴ እልል አለች፤ ከታች በኩል ያለችውን መስመር ግን አላነበብኩላትም ነበር። ኢትዮጵያዊ መሆኔን የሚያስረዳ ማስረጃ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካላቀረብኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ይላል።

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ የትምህርት ቢሮው በር ላይ ቆሜ ሳቅኩ። ጅማ ተወልጄ ጅማ ያደግኩ፣ ባሕር በዓይኔ አይቼ የማላውቅ፣ ዓረብኛዬ ከሶላትና ከአንተ ስድብ የማያልፍ እኔ፣ ምን ልሆን ኖሯል? ጸሐፊው ግን የትምህርት ቤቱን መዝገብ ከፍቶ አሳየኝ። ዜግነት በሚለው ቦታ «የመን» ተጽፏል። ማን አስጻፈው? አንተ። እጄን ይዘህ አስመዝጋቢ ሆነህ የሄድክ ቀን፣ ያችን የውጭ አገር ሰው መኖሪያ ፈቃድህን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተህ። ሲታደስ የተነሣነው ፎቶግራፍ ደብተሯ ላይ እስካሁን አለ፦ አንተ ኮፍያህን ደፍተህ፣ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ ጭንህ ላይ።

እናቴ ሁሉንም ነገረችኝ። ስወለድ ወንድሞቿ ልጅቷ በእኛ በኩል ትጻፍ፣ የአገሯ ሰው ትሁን ብለው ለምነውህ ነበር። አንተ ተነሥተህ ልትደባደብ ደረስክ። «ልጄ በሰው ስም አትጠራም!» ብለህ በማግስቱ ፈቃድህ ላይ አስጻፍከኝና ደብተሩን እየገለጥክ የጅማን መርካቶ ሁሉ አሳየህ። ከዚያ በኋላ ለራስህ ስትከፍል ለእኔም በየዓመቱ ከፈልክ። በገንዘብህ የውጭ ሰው አደረግከኝ፣ አባ። ሰው ልጁን ይወዳል፣ ይኸ ግን ፍቅር ሳይሆን ኩራት ነው።

ስሕተት መሆኑን ደግሞ ታውቅ ነበር። ቡና በገባ ቁጥር «ዘንድሮ ለዜግነትሽ እናመለክታለን» ትለኝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ገንዘቡ ሞላ፤ የሰንዓን ወሬ ልስማ ብለህ ራዲዮን ገዛህበት። ሰንዓ ብትል ኻርቱም ብትል ጩኸት እንጂ ወሬ አልያዘልህም፣ ቁልፉን ስታዞር ትውል ነበር። በሁለተኛው የእቁቡ ዕጣ ለአንተ ወጣ። እናቴና እኔ ለአዲስ አበባ ስንቅ እስከ ማሰናዳት ደርሰን ነበር። ሙሳ ልብስ ሰፊው ልጁን ሊድር እጅ አጠረኝ ቢልህ፣ ዕጣህን ሰጠኸውና የእሱን ተራ፣ የመጨረሻዋን፣ ወሰድክ። ማንን አማከርክ? የመጨረሻዋ ስትደርስ አንተ አልጋ ላይ ነበርክ፣ በመድኃኒት አለቀች።

ስለዚህ ሒሳቡን ብቻዬን ሠራሁት። ማዘጋጃ ቤቱ በረንዳ ላይ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጻፊ ነው ያሰላልኝ። አንተ በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ያላሳደስከው የፈቃድ ክፍያ ከነቅጣቱ፣ በደብተርህ ውስጥ ስላለሁ የእኔ ዕዳ ሆኗል። ማመልከቻው፣ ቴምብሩ፣ ስድስት ፎቶግራፍ፣ የፖሊስ አሻራ። መልካም ጠባይና አማርኛ ማወቄን የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች፤ እኔ አማርኛ ላስተምር የተቀጠርኩት! አዲስ አበባ ድረስ የእነሱ አውቶቡስ፣ የእነሱ አልጋ፣ የእነሱ ምግብ፣ አንደኛው ጫት ስለማይተው የእሱ ጫት። ሰውዬው ይኸን ሁሉ ጽፎ ሲያበቃ ብዕሩን ላስና «ነገ ተመለሽ» የሚል አንድ መስመር ጨመረ፤ መሥሪያ ቤቱ ለሚያመላልሰኝ የአሥራ አምስት ቀን ወጪ ነው። ሲደመር አራት መቶ ሰባ ብር። ራዲዮንህ ያወጣው አርባ ነው።

ያኔ ሰውዬው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ እናትሽ ከአባትሽ በፊት አግብታ ታውቃለች ወይ አለኝ።

አግብታ ነበር። አንተ ስሙ በቤታችን እንዳይነሣ የከለከልከው ሰው፣ የሰቃ መንደር ቡና ገበሬ፣ ተማም። እናቴ አንድ ቀን በስሕተት ጠርታው ሳህኑን ከነምግቡ ደጅ ወርውረሃል፤ ልጅ ብሆንም አልረሳሁትም። ተማም ሙት ነው፣ ልጅ የለውም፣ ወንድሞቹ አይቃወሙም። እናቴ እርጉዝ ሆና ባሏ ሞተ፣ ሳልህ አገባትና እንጀራ አባት ሆኖ አሳደገኝ ብንል፣ አባቴ ኢትዮጵያዊ ነው፣ እኔም ኢትዮጵያዊት ነኝ፣ የምለምነው ዜግነት የለም። ወጪው ሃያ ሁለት ብር ከሃምሳ ሳንቲም።

ሁለት ሳምንት አሰብኩ። አስቤ አስቤ የደረስኩት ነሐሴ አያልቅም ወይ የሚለው ላይ ነው። አራት መቶ ሰባ ብር እስካጠራቅም አጋሮ በእኔ ወንበር ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ እናቴም አቡጀዲው ሲያልቅ የምትለካው ነገር የላትም።

ትናንት ፍርድ ቤት እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ መሰከረች። በአንድ ጠዋት ሁለት ዓመት አረጀሁ፣ ዕድሜዬ ከተማም ሞት ጋር መግጠም ነበረበትና። ቀጥሎ ሙሳ ገባ። አዎ፣ ያንተው ሙሳ። ሳልህን ከሃያ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ፣ ልጅ አልወለደም አለ። ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ስንወጣ የምስክርነቱን የውሎ ገንዘብ ልሰጠው ብዘረጋ እጄን መልሶ ያዘው። «የሳልህ ውለታ አለብኝ» አለ፤ ከዚያ ደግሞ «ጀባዱ፣ ዘሃራ፣ ጀባዱ»። በርቺ በርቺ እያለኝ እሱ አለቀሰ። የሰጠኸው ዕጣ እንዴት እንደተመለሰ አየህ? ለዜግነቴ ባስቀመጥከው ገንዘብ ልጁን ዳረ፣ ውለታውን ደግሞ አንተን በመካድ ከፈለ። ደስ ይበልህ።

ዳኛው የአባቴን ስም ሲጠይቀኝ ምላሴ «ሳ» ብሎ ጀመረ። ሳል አስመስዬ ዋጥኩት። ተማም አልኩ። ጻፈው።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ማመልከቻ ጻፊው ያችን የመኖሪያ ፈቃድ ዛሬውኑ አቃጥዪ ብሎኛል። አንድ ክፉ ሰው አግኝቶ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ቢያኖራት ሥራዬም ይሄዳል፣ በሐሰት ምስክርነት እናቴና ሙሳም ይታሰራሉ። እናቴ ከሰሉን አያይዛ ጠራችኝ። ደብተሯን ይዤ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ኮፍያህን አየሁት። ጭንህ ላይ ያለችው ልጅ በአንድ እጇ ጣትህን ጨብጣለች፣ ከዚህ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም። ተነሥቼ ክርና መርፌ አመጣሁ፤ እናቴ ከሰሉን አጠፋችው።

ይቅር አልኩህ ማለት እንዳይመስልህ። አላልኩህም። በአንተ ኩራት የተነሣ እናቴ ባልዋን በፍርድ ቤት ክዳለች፣ ይኸን ይቅር የምልበትን ቀን አላውቀውም። ደብተሯ ግን ትራሴ ውስጥ ተሰፍታለች፣ አጋሮም አብራኝ ትሄዳለች። እዚያ «እትዬ ዘሃራ ተማም» ይሉኛል፤ አቤት እላለሁ። ቅጽ በሞላሁ ቁጥር አንተ የጠላኸውን ሰው ስም በቦታህ እጽፋለሁ፣ በጻፍኩ ቁጥርም ቦታው የማን እንደሆነ አስታውሳለሁ። ቃሌ ነው፣ አባ። ልረሳህ ብችል ኖሮ ሃያ ሁለት ብር ከሃምሳው ይበቃኝ ነበር።

ዘሃራ ሳልህ