አባትሽ ተቆጣ

ሶዶ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሔርሜላ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እዚህ ዝናቡ ፋታ ነስቶናል፤ የዳሞታ ተራራ በደመና ከተሸፈነ ሰነበተ። ስልክ አላነሳ ስትይኝ፣ ጎረቤታችን ሽታዬ ለሥራ ወደዚያ ስለምትመጣ ይህን በእሷ ላክሁልሽ።

ልጄ፣ ሳትደነግጪ አንብቢው። አባትሽን ሰኔ ላይ ስትሮክ መታው። ሕይወቱ ተርፏል፤ ቀኝ እጁና አንደበቱ ግን ተያዙ። ሐኪሙ «እጁን ያሠራ፣ አናግሩት» ብሎ ወደ ቤት ሰደደን። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። የቀቀልኩለትን የቦዬ ሥር ይገፋል፤ መድኃኒቱን ጥርሱን ነክሶ እምቢ ይላል። ያ ክፍል ሙሉ ተማሪ በድምፁ ጸጥ የሚያሰኘው መምህር ሶርሳ ውሃ መጠየቅ አቃተው። መኖር የጠላ መሰለኝ። ጓሮ የነበረውን የአረም መድኃኒት አንስቼ ለሽታዬ ሰጠኋት፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እህትሽ ሳምራ ካርቶን ላይ የተሰመረችውን ዳማችንን ይዛ ገባች። አባትሽን በትራስ ደግፋ አስቀመጠችውና የእሱን ቆርኪዎች ገልብጣ፣ የራሷን አቅንታ ደረደረች።

በግራ እጁ ገፋው። ቆርኪው ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ።

ለቅማ ደረደረች። እንደገና በተነው። የአንገቱ ሥር ተገታተረ፤ ጮህኩባት።

«ተይው ሳምራ! ደሙ ከፍ ይልና ትገድይብኛለሽ!»

«እማ፣ ከዝምታው ቁጣው ይሻላል» አለችኝና አልጋ ሥር የገባውን ልታወጣ ተንበረከከች።

እንደገና ስትደረድር አልበተነውም፤ ግን አልተጫወተም። «እሺ፣ ለአንተም እኔ እጫወታለሁ» አለችና የእሱን ቆርኪ መብላት ጀመረች። አንዱን በሕጉ በላች። ሁለተኛውን፣ ባልነገሠ ቆርኪ ወደ ኋላ ተመልሳ በላችው። ዓይኑ ፈጠጠ። ሦስተኛውን ጭራሽ ዘላ እንኳ ሳትደርስበት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ አነሳችው።

«ሌ… ባ!»

ሔርሜላ፣ የአባትሽ ድምፅ ነው! ተንተባተበ እንጂ የራሱ ድምፅ።

ሳምራ ፈገግ እንኳ አላለችም። «ሌባ ካልከኝ ቆርኪህን ራስህ መልስ፣ አባዬ። በቀኝ እጅህ።»

እጁ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ። ይንቀጠቀጣል፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ቆርኪው ከጣቶቹ አመለጠው። ልረዳው ስል በዓይኑ ገሠጸኝ። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ወደቀበት። በመጨረሻ ቦታው ላይ ሲያሳርፈው ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይጫወታሉ። ይሸነፋል፣ ይናደዳል፣ ከዚያ በዚያው እጁ ይደረድራል። ትናንት ተሸንፎ አፉ ወደ አንድ ወገን እንደተጣመመ ሳቀ። እኛም አብረን ሳቅን፤ ቤታችን እንደዚያ ከሳቀ ስንት ጊዜው! ሐኪሙ ግን ድጋሚ ሊመታው ይችላል ብሎናል። ሲያስል ብድግ እላለሁ።

በጋብቻሽ ቀን የተናገረሽን አልረሳሁም። ይቅር በይው ብዬም አላስገድድሽም። ነገር ግን ትናንት ስቆ ሲያበቃ ወደ በሩ አየና «ሔር…» አለ። ሊጨርሰው ታገለ፣ አቃተው። ሳምራ እኔን አየችኝ። ጨነቀኝና «እየመጣች ነው» አልኩት።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ይዘሽው ብትመጪ ቤታችን ቤቱ ነው። ጌታ መንገዳችሁን ያቅና፣ ደጃችንን በሰላም ያስረግጣችሁ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አባትሽ ይጠራኛል። ጢሙን እየነካ ላጪኝ ይለኛል።

እናትሽ ሙሉመቤት