በአመድ የተሰመረ ቤት፦ የወ/ሮ ተናኜ ጀምበሬ የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ተናኜ ጀምበሬ ከአባታቸው ከአቶ ጀምበሬ ወልደ ሰንበትና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደመቀች ኃይሌ በግንቦት ወር 1938 ዓ.ም. ከጣርማ በር ዋሻ በላይ በምትገኝ አነስተኛ መንደር ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ሰውም ከብትም እሳትም በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩበት፣ ለብርዱ እንጂ ለሰው ዓይን ያልታሰበ ቤት ነበር። የእናታቸው ዓይን ከዓመት ዓመት በጭስ ሲደክም እያዩ አደጉ። ልጅ ነበሩና ምንም ሊያደርጉላቸው አልቻሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ቤት ሲገቡ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ጭሱ በየት እንደሚወጣ ቀና ብለው የማየት አመል ነበራቸው። ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ሞገስ ጀምበሬም በገዛ ቤቱ በዚሁ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተወቅሷል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደብረ ሲና እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1956 ዓ.ም. ለቤት ኤኮኖሚ ሥልጠና አዲስ አበባ ገብተው ሲጨርሱ በግብርና መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ በተለያዩ ወረዳዎችም አገለገሉ። በ1962 ዓ.ም. ከመምህር ምናሴ ዘነበ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ልጃቸውን ቆንጅትን ወለዱ። በ1968 ዓ.ም. ባለቤታቸው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲዛወሩ እሳቸውም ሥራቸውን አዛውረው አብረው ወረዱ። ሙቀቱን እስከ መጨረሻው አልለመዱትም፤ ዘመድ ሊጠይቁ ወደ ጣርማ በር በሚወጡ ጊዜ ግን ብርዱ አንቀጠቀጠኝ ብለው የሚያማርሩት እሳቸው ነበሩ።

ሥራቸው በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው በቀወት ገጠር ለሚኖሩ ሴቶች ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሕፃናት አመጋገብና ስለ ቤት አሠራር ማስተማር ነበር። ለአርአያ የሚሆን የቤት ፕላን ነድፈው በአንድ የገበሬ ማኅበር አሠሩ። ነገር ግን የደጋ ልጅነታቸው አሳሳታቸው። መስኮቱን አጠበቡት፤ ማድቤቱን ሙቀት እንዲሰጥ ብለው ከመኝታው ጋር አያያዙት። ቤቱ ሲያልቅ የሚያድርበት ሰው ጠፋ። ማሽላ ማስቀመጫ ሆነ፤ ፍየሎች ቢያስገቡበት እነሱም ውጪ ማደርን መረጡ። ወ/ሮ ተናኜ ይህን ታሪክ ራሳቸው እየሳቁ ያወሩት ነበር።

ያን ጊዜ አዲስ ቤት ለመሥራት ያሰቡ አቶ አብዱልሀኪም የሚባሉ ገበሬና ባለቤታቸው ወ/ሮ ሩቂያ ሷሊሕ ነበሩ። ወ/ሮ ተናኜ የተሻሻለ ፕላን በወረቀት ነድፈው ወሰዱላቸው። ወ/ሮ ሩቂያ ወረቀቱን አዟዙረው ካዩት በኋላ፣ "እትዬ፣ እኔ እዚህ ውስጥ አልገባም፤ የምገባበትን ያሳዩኝ" አሏቸው።

እህታችን ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከምድጃው አመድ አስወጥተው ጓሮ ባለው ደልዳላ መሬት ላይ ቤቱን በሙሉ መጠኑ አሰመሩት። ግድግዳው የአመድ መስመር፣ በሩ መስመሩ የተቋረጠበት ሆነ። ጎረቤት ሴቶችን ጠርተውም "በሉ እንግዲህ ኑሩበት" አሉ። ወ/ሮ ሩቂያ እንስራ አዝለው ሲገቡ መተላለፊያው ላይ መዞር አቃታቸው፤ መስመሩ በእግር ተደምስሶ ወደ ውጭ ተገፋ። አንዷ ሕፃን አቅፋ ተኛች፤ ጭሱ የሚመጣው ወደ እሷ መሆኑን ነፋሱ ራሱ አሳየ። ሌላዋ እንደ ወንድ እንግዳ ጉሮሮዋን እየጠራረገች በፊት በር ስትገባ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ሆኖም የሴቶቹ መውጫ በእንግዳ ፊት የሚያልፍ መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው። ሳቁ ሲበርድ ሌላ በር ተከፈተ።

በ1971 ዓ.ም. ቤቱ ተሠራ። ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበት በረንዳ በምሥራቅ በኩል ወጣለት። ማድቤቱ ነፋሱ ጭሱን ከቤት አርቆ በሚወስድበት አቅጣጫ ለብቻው ቆመ፤ ከሴቶቹ በር ጋር የሚያገናኘው መተላለፊያ እንስራ ያዘለች ሴት እንደ ልቧ የምትዞርበት ሆነ። የሶላት ጥግ ወደ ቂብላ ተስተካከለ፤ የፍየሎቹ በረት ከመኝታው ሆኖ የሚታይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ቤት ሊሠራ ያሰበ ሁሉ "ተናኜን ጥሩልኝ" ማለት ጀመረ። ወ/ሮ ተናኜ በሕይወታቸው እጅግ ደስተኛ የነበሩት በእነዚህ ዓመታት ነው። ለራሳቸው ግን አልነደፉም። የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነበር፤ መምህር ምናሴ ስለዚህ ሲያነሡባቸው "ለኛስ አይጠፋም" ይሉ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታ ወደ ቀወት ደረሰ። ገበሬው ተበታትኖ ከሚኖርበት ተነሥቶ በመንገድ ዳር በአንድ መንደር እንዲሰፍር ታዘዘ። የምሥረታው ኮሚቴ በገመድ እየለካ ችካል ተከለ፤ ቀን የተተከለው ችካል ግን ጠዋት ተነቅሎ ይገኝ ነበር። በዚህ ጊዜ ሰብሳቢው ወ/ሮ ተናኜን አስጠርተው፣ "እርስዎ በአመድ ያስምሩላቸው፤ ለእርስዎ እሺ ይላሉ" አሏቸው።

መምህር ምናሴ "ይቅርብሽ" ብለው ነበር። እሳቸው ግን እኔ ካልገባሁበት ማን ያስብላቸዋል ብለው ተነሡ። ውስጥ ከገቡ ቢያንስ በሮቹን እንደሚያዞሩ፣ ማድቤቶቹን እንደሚያርቁ ተስፋ አድርገው ነበር። ዛሬ ይህን መናገር ቀላል ሆኗል፤ ያኔ ግን እምቢ ማለትም እሺ ማለትም ሁለቱም ያስፈራ ነበር። አሰመሩ። ሰዉም የእሳቸው አመድ መሆኑን አይቶ እሺ አለ።

ከዚያ በኋላ የጠየቁት ሁሉ "ለጊዜው ይሁን፤ በኋላ ይስተካከላል" ተባለ። ከመንገድ ለሚያይ እንዲያምር በሮቹ በሙሉ ወደ መንገዱ ዞሩ፤ መንገዱ በምዕራብ ነውና የከሰዓት ፀሐይ ቀጥታ መኝታ ላይ ይገባል። ሁለተኛ በር አልተፈቀደም። ማድቤቶቹ ከኋላ በተርታ ስለቆሙ የአንዱ ጭስ በሌላው ቤት ውስጥ ያድራል። እህታችን ይህን ሁሉ ቀድመው ያውቁት ነበር፤ ማወቃቸው ግን ለማንም አልጠቀመም።

አቶ አብዱልሀኪም ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ያፈረሱ ዕለት ወ/ሮ ተናኜ እዚያው ነበሩ። ምርጉ ሲራገፍ፣ ቋሚዎቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ ቆመው አዩ። በእጃቸው ምን እንደሚሠሩ ቢጠፋቸው ከሴቶቹ ጋር ማገር ተሸክመው እስከ አዲሱ መንደር ሄዱ። ከእንጨቱ ግማሹ ተሰባብሮ ስለነበር የቆመው አንድ ክፍል ብቻ ሆነ። ወ/ሮ ሩቂያ በዚያች ክፍል ደጃፍ ላይ ሆነው፣ "እትዬ፣ ወላሂ አመዱን በአንቱ እጅ ባላየው ኖሮ አልነሣም ነበር" አሏቸው።

ወ/ሮ ተናኜ ይህን ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም። በሮቹን ለማስዞር ወረዳም አውራጃም ተመላልሰዋል። በየመሥሪያ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ውለው በባዶ እጃቸው ይመለሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ለማንም ፕላን አልነደፉም፤ ሰው ቢለምናቸው "እጄ እንኳን ይቅር" ይሉ ነበር። ወ/ሮ ሩቂያ ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ አላጓደሉባቸውም፤ እህታችን ቤት ግን ድርሽ ብለው አያውቁም።

በ1981 ዓ.ም. እህታችን በጉበት ሕመም ተያዙ። አዲስ አበባ ተወስደው ሕክምና ቢደረግላቸውም ሐኪሞቹ ቤተሰብ እንዲያስታምማቸው ወደ ቤታቸው መልሰው ላኳቸው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ገበሬው ወደፈለገበት መመለስ ይችላል ሲባል ያ ሁሉ ቤት እንደገና እየፈረሰ፣ እንጨቱ በአህያ እየተጫነ ወደ ቀድሞው ቦታ ሄደ። ወሬውን አልጋ ላይ ሆነው ሰሙ። ደስ ይላቸው ይሆናል ብለን ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ።

በግንቦት ወር መጨረሻ ወ/ሮ ሩቂያ መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው "አላህ ያሽርዎት" ካሉ በኋላ የመጡበትን ነገሩ። ወደ አሮጌው ቦታቸው ተመልሰዋል፤ እንደ ድሮው ያለ ቤት ሊሠሩ ነው፤ የመተላለፊያው ስፋት ግን ጠፍቷቸዋል። ወ/ሮ ተናኜ ይህን ሲሰሙ ለመነሣት ሞከሩ። ቆንጅትን አመድ አምጪ ብለው ወለሉ ላይ ሊያሰምሩ ቢሉ አልሆነላቸውም፤ ትራሱ ላይ ተመልሰው ወደቁ። በቃላቸው መናገር ጀመሩ። "ሁለት ክንድ ነበር ወይስ ከስንዝር ጋር?" እያሉ ተደናገሩ። ወ/ሮ ሩቂያም፣ "እኔ ምን አውቃለሁ፤ አንቱ ተነሥተው ይለኩልኝ። እስኪመጡ ግድግዳውን አላቆምም" ብለው ሄዱ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እህታችን ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም። ጥቂት ቀን ሾርባ ቀመሱ፤ ተደግፈውም ተቀመጡ፤ እኛም ተስፋ አደረግን። ሕመሙ ግን በረታ። ሰማዩ በደመነ ቁጥር "ያቺ ሴት በኔ የተነሣ ዝናብ ሊመታት ነው" ይሉ ነበር። ሁለት ክንድ ነው የሚል ሰው እንዲላክላቸው ይነግሩንና ወዲያው "ቆዩ፣ ይጠባል፣ አትላኩ" ይላሉ። እጃቸውን ከመያዝ በቀር የረዳናቸው ነገር የለም። ወ/ሮ ተናኜ ጀምበሬ ትናንት ሰኔ 14 ቀን 1982 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በ44 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በመጨረሻ የጠየቁት "ጠቧት ይሆን?" ብለው ነው።

ወንድማቸው ትናንት ከሰዓት ለወ/ሮ ሩቂያ ሊነግር ሄዶ ነበር። በዚያውም፣ ከእንግዲህ የሚጠብቁት ሰው የለምና ግድግዳቸውን እንዲያቆሙ ሊነግራቸው አስቦ ነበር። የደረሰው ግን ያለቀ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ክዳኑ ለብሷል፤ ምርጉ ደርቆ ነጥቷል፤ የማድቤቱ ጣራ ጥላሸት ይዟል። ወ/ሮ ሩቂያ እንስራ አዝለው በመተላለፊያው በኩል መጡ፤ ያለ ችግር ዞረውም እንስራውን አወረዱ። የመጣበትን ሲሰሙ መሬት ላይ ተቀመጡ። ቤቱ ከሚያዝያ ጀምሮ የቆመ መሆኑን የነገሩት ካለቀሱ በኋላ ነው። "ልኩን ረስቼው አይደለም፤ በእግሬ አውቀዋለሁ። ሥራ ይቀረኛል ሲሉ ይነሣሉ ብዬ ነበር" አሉ። አሁን ከአቶ አብዱልሀኪም ጋር እዚህ ቀብሩ ላይ በመካከላችን ቆመዋል።

ወ/ሮ ተናኜ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበሩ። ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለወንድማቸውና ላዘናችሁ ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥልን። የእህታችንንም ነፍስ ጭንቀት በሌለበት በቅዱሳኑ ዕረፍት ይቀበልልን።

እትዬ ተናኜ፣ ይረፉ። አልጠበበም።