ፎይል የለበሰው አውሮፕላን

ጥር 6

ዛሬም ያው ነው። ሩዝ፣ ድንች፣ የተቀቀለ እንቁላል። እማዬ ትጨልፋለች፣ እኔ በፎይል እጠቀልላለሁ። ከዚያ ዘንቢሌን ይዤ ጋራዡ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ክሊኒኩ... ምሳችሁ መጥቷል። ይቺን ብቻ ነው ቀኑን ሙሉ የምናገረው። አንዳንዴ እሷንም አልናገር፤ አስቀምጬ እወጣለሁ።

ስምንተኛን ሳልጨርስ ነው ያቋረጥኩት። የእማዬ ወገብ ሲታመም ሌላ እጅ አስፈለገ። የኔ እጅ ተገኘ። የኢንጂነር እጅ ለምን አልተገኘም? እሱ ይማራላ።

ኢንጂነር ታላቅ ወንድሜ ነው። ስሙን ያወጣችለት እማዬ ናት፣ ገና ኮሌጅ ሳይገባ። እስካሁን ሲሠራ ያየሁት የፕላስቲክ አውሮፕላን ብቻ ነው። ከካርቶን አውጥቶ ይገጣጥማል፣ በስቱኮ ይደፍናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ ይቀባል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሱ ያሉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ማኅበር አለው። ዛሬ አንዱ ላይ የብር ቀለም ነፋበትና መስኮቱ ላይ አቆመው።

“ምን ይመስላል?”

“ድስት።”

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

“ቀንድ አውጣ ደሞ አፍ አወጣች” አለ። ሰው ሲመጣ ጓዳ ስለምገባ ነው ቀንድ አውጣ የሚለኝ። ይበል። ግን ድስት ነው።

ጥር 9

ክሊኒኩ ማንኪያም ላኩልን ስላሉ ማንኪያ ስጠቀልል... ፎይሉን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። እጀታው ላይ ያለችው አበባ ከነቅጠሏ ወጣች። ጠበቅ አድርጌ ሳሸው ፎይሉ የጠፋ መሰለኝ። የማንኪያው ቆዳ ሆነ።

ኢንጂነር የጣለው ስባሪ ክንፍ ቆሻሻው ውስጥ ነበር። አጠብኩት። አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት።

ጥር 14

አልሆነም። ስባሪው ክንፍ ላይ ኮላ ቀባሁ፣ ትልቅ ፎይል ለጠፍኩበት፣ ተጨማደደ። እንደ አሮጊት ጉልበት። ደግሜ ሞከርኩ፣ አሁን ደግሞ አረፋ አወጣ።

እማዬ፦ “ይሄ ፎይል እግር አወጣ እንዴ? ትናንት አይደል የከፈትኩት?”

“እንጃ።”

ወደ ኢንጂነር ዞረች። እሱ በእውነት አያውቅም። ፊቱ ላይ የነበረው የንጹሕ ሰው መልክ አሳቀኝ።

ጥር 17

ሆነ።

ኮላ ሳይሆን ማስቲሽ። እሱንም በቲነር አቅጥኖ፣ እንደ ወተት እስኪሆን። ፎይሉ በሚያብለጨልጨው በኩል አይደለም፣ በደብዛዛው በኩል በብሩሽ መቀባት። ከዚያ መጠበቅ። እርጥበቱ ሄዶ ጣት ያዝ እስኪያደርግ። መቸኮል ነበር ጥፋቴ። ደግሞ ትልቅ አይቆረጥም፤ እውነተኛው አውሮፕላንም እኮ ከብዙ ቆርቆሮ ነው የተሰፋው። ትንሽ ትንሽ። በጆሮ ጥጥ ከመሃል ወደ ዳር ማሸት፣ መስመር መስመሩን በስቴኪኒ ጫፍ መከተል፣ ትርፉን በምላጭ።

ክንፉ ብረት ሆነ። ቀዝቃዛ የሚመስል ብረት። አገጬ ላይ አስነካሁት... ለምን እንደሆነ እንጃ።

ጥር 19

ኢንጂነር አገኘው። አልጋዬ ሥር ምን ሊፈልግ እንደገባ አላውቅም። ይዞት ቆሞ ነበር፣ አምፖሉ ሥር ያገላብጠዋል።

“ማን አሳየሽ?”

“ማንም።”

“ምንድን ነው?”

“የምሳ ፎይል።”

ሳቀ። ከዚያ ተወው። መደርደሪያው ላይ ያለውን ትልቁን አውሮፕላን አወረደ፣ ሁለት ሞተር ያለውን። ገና ያልተቀባ ነው፣ ግራጫ።

“ይሄን አልብሺልኝ። የካቲት ላይ ኤግዚቢሽን አለን።”

ክንፌን ከእጁ ተቀበልኩት።

“የሁለታችን ነው የምለው። በእማዬ።”

በእማዬ ብሎ ማለ። እዚህ ጽፌዋለሁ።

ጥር 24

ፎይል አቅጣጫ አለው። ማን ያውቅ ነበር? በጣም ቀጫጭን መስመር፣ እንደ ጨርቅ። አንዱን ቁራጭ በቁመት፣ ጎረቤቱን በአግድም ስለጥፈው አንዱ ነጣ፣ አንዱ ጠቆር ይላል። አውሮፕላኑን ሳዞረው ደግሞ ይቀያየራሉ። ካርቶኑ ላይ ያለው ፎቶም ልክ እንደዚያ ነው።

ደግሞ አንድ ቁራጭ እንቁላል የምቀቅልበት ውሃ ውስጥ ወድቆ ጠቁሮ ወጣ። ልጥለው ብዬ... አልጣልኩትም። ሞተሩ ጎን፣ ጭስ የሚያገኘው ቦታ ላይ አደረግኩት። በእሳት የተለበለበ መሰለ። ሌላም ቀቀልኩ።

እማዬ፦ “እንቁላሉን ነው ወይስ ፎይሉን ነው የምንሸጠው?”

የካቲት 5

አለቀ። ጣቶቼ በምላጭ ተተልትለዋል፣ ድንች ስልጥ ያቃጥለኛል። ኢንጂነር ጭንቅላቴን በመዳፉ ነካ አደረገኝ። ከልጅነታችን ወዲህ አድርጎት አያውቅም።

ቅዳሜ ወስዶ ለማኅበሩ ሰዎች ሊያሳያቸው ነው።

የካቲት 9



የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ጠቁሟቸው ማኅበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ምሳ አዘዘ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ፀጉሬን ሁሉ ታጠብኩ። ምን ይሉ ይሆን እያልኩ... ጓዳ የሌለበት ቤት እንዴት እቆማለሁ እያልኩ...

አዳራሹ ውስጥ አውሮፕላኑን ከበው ቆመዋል። ሊቀመንበሩ፣ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ፣ አጎንብሶ ያየዋል።

“አንተ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ። ስንት ዓመት ስንቀባ ኖርን፣ እንዲህ ያለ አላየሁም። እንዴት አድርገህ ነው?”

ኢንጂነር፦ “ትዕግሥት ነው ጋሼ። ትዕግሥት ብቻ።”

ትዕግሥት። የማን?

በሩ ላይ ነበርኩ። አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ሽማግሌው ቀና ብሎ “ይቺ ልጅ ማን ናት?” አለ።

ወንድሜ “ምሳ የምታመጣው ናት” አለ። ከዚያ ወደ እኔ፦ “እዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው።”

አስቀመጥኩት። ወጣሁ።

ውሸት እንኳ አይደለም። ምሳ የማመጣው እኔ ነኝ። ለዚህ ነው አንጀቴን የሚያሳርረው። ቢዋሽ ይሻል ነበር።

የካቲት 10

ቀኑን ሙሉ መልስ ሳዘጋጅ ዋልኩ። እህቱ ነኝ ብል። ያንን ሞተር የቀቀልኩት እኔ ነኝ ብል። ምን ይዞኝ ነው ዝም ያልኩት? ምላሴ። ምላሴ ተሳስሮ። በእሱ ነው ወይስ በራሴ የተናደድኩት? በሁለታችንም።

ኢንጂነር ጓዳ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

“ድንገት ሆነብኝ እኮ። ምን ልበል?”

እንቁላል ላጥኩ።

“ለኤግዚቢሽኑ ቀን እናገራለሁ።”

ላጥኩ።

“አኩርፊ እንግዲህ። አንቺ ደሞ ሰው ፊት መቆም አትወጂም። ምን ያደርግልሻል?”

ለኔ አስቦ ነው በሉኛ።

የካቲት 12

መቆሚያውን ሊያስተካክል አውሮፕላኑን ወደ ቤት መልሶት ነበር። እሱ ኮሌጅ ሄደ። ምሳ አድርሼ ተመለስኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ተቀመጥኩ።

በጥፍሬ ከጅራቱ ጀመርኩ።

አንዷ ጫፍ ከተነሳች በኋላ ሌላው ቀላል ነው። ይላጣል። ድምፅ አለው፣ ቀጭን። አንዳንዱን ቁራጭ አወቅኩት፦ ይቺን ሦስቴ ነው የደጋገምኳት፣ በዚቺ ነው ጣቴ የተቆረጠው... ማልቀስ አልፈለግኩም፣ አላለቀስኩምም። ሁሉንም ድቡልቡል አድርጌ ጠቀለልኩት። ያን ሁሉ ሥራ፣ እንቁላል አከለ።

ማስቲሹን በቲነር ጠረግኩለት። የሱን አልነካሁም። ስቱኮውን እንኳ አልጫርኩም። ግራጫ አድርጎ ሰጠኝ፣ ግራጫ አድርጌ መለስኩለት። የሁሉም ድርሻው ይኸው።

የካቲት 13

ጮኸ። ጎረቤት እስኪሰማ። “ምቀኛ” አለኝ። “አብደሻል” አለኝ። እማዬ ወገቧን ይዛ ከጓዳ ወጣች።

“ምንድን ነው እሱ?”

ኢንጂነር አውሮፕላኑን እያሳያት “አጠፋችው። ኤግዚቢሽኑ ደርሶ አጠፋችው።”

“ያለበሰችው ማን ነበረች?”

አውሮፕላኑን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

“ስጠይቅህ እኮ ነው። ፎይሌ የት እየገባ እንደነበር የማላውቅ መስሎሃል?”

ያኔ ተናገርኩ። እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም፣ ግድግዳውን እያየሁ ነው፦ “ምሳ የምታመጣው ናት አላቸው። ማን ናት ሲሉት።”

እማዬ ትጮህ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“እሷ ምሳ የምታመጣው ከሆነች፣ እኔ ማን ነኝ?” አለችው። “ምሳ የምትቀቅለው?”

ኢንጂነር መሬት መሬቱን አየ።

“የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል አልሰማህም? ፎይልም ያው ነው።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “አንቺም። አፍ እያለሽ በጥፍርሽ ነው የምትናገሪው?”

ሁለታችንም ፎይሏን እንዳንነካ ከለከለች።

የካቲት 17

የራሱን ፎይል ገዝቶ መጥቷል። በሩን ዘግቶ ይሠራል። ቲነር ይሸተኛል። ደጋግሞ ሲቀድ ይሰማኛል። ደስ ይለኛል። ለምን አይለኝ?

ሲወጣ በበሩ ክፍተት አየሁ። አንሶላ በሚያህል ፎይል ክንፉን ሊያለብስ ሞክሯል። በሚያብለጨልጨው በኩል ቀብቶ።

የካቲት 19

“አሳዪኝ” አለ።

ድንች እየላጥኩ ነበር። ቀና አላልኩም።

“ለሽማግሌው ምን ልበለው? ሁሉም እየጠበቁት ነው።”

“እውነቱን።”

“እላለሁ አልኩሽ እኮ።”

“በእማዬ ብለህ ነበር።”

ቢላውን አስቀመጥኩ። ቀና ብዬ ተናገርኩ፦ “ግራው የኔ። ቀኙ ያንተ። ሆዱንም ጅራቱንም መሃል ለመሃል እንከፍለዋለን። አሳይሃለሁ፣ የምሠራውን ተመልከት። ያንተን ግን አልነካም። የተበላሸው እንደተበላሸ ይሄዳል።”

“ይስቁብኛል።”

“ይሳቁ።”

“አንቺ ልጅ ጨካኝ ነሽ።”

ነኝ። በዚህ ሳምንት ነኝ።

የካቲት 22

እማዬ አንድ ጥቅል ፎይል ጠረጴዛው ላይ ጥላልን ሄደች።

ጎን ለጎን ሠራን። እሱ ይቸኩላል። “ደረቀ?” ይላል፤ “አልደረቀም” እላለሁ። ይለጥፋል፤ ይጨማደዳል፤ ይሳደባል። “እንዴት ነው አንቺ ዝም ብለሽ የምትጠብቂው?” አለኝ። ሌላ ምን ስማር ኖርኩ?

አለቀ። ከግራ ሲያዩት ሊበር ነው። ከቀኝ ሲያዩት ከዝናብ የተረፈ ነው።

የካቲት 23

ሄድኩ። ዘንቢል አልያዝኩም። ምሳውን እማዬ ራሷ ይዛ መጣች።

ሰው ብዙ ነው። ልጆች፣ ሚስቶች፣ ሱፍ የለበሱ። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ፣ እጄን ኋላዬ አድርጌ። የኛ አውሮፕላን መሃል ላይ ነበር። በግራ በኩል የሚያልፉት “አቤት” ይላሉ፣ ይዞራሉ፣ ከዚያ ድምፃቸው ይጠፋል። አንዱ ወጣት ሳቁን ለቀቀው። “ግማሹን ሰክረህ ነው እንዴ የሠራኸው?”

የወንድሜ ጆሮ ቀላ። አየሁት። አሁንም ሊሸሽ ይችል ነበር፤ አፉን ሲከፍት ሌላ ነገር የሚል መስሎኝ ጥርሴን ነከስኩ።

“ቀኙ የኔ ነው” አለ። “ግራው የእህቴ። ያን ጊዜ ያያችሁትም ሙሉ በሙሉ የሷ ነበር።”

ሽማግሌው መነጽሩን አደረገ። “የቷ እህትህ?”

“ያቻትና። ግድግዳውን የያዘችው።” ቀጥሎ ደግሞ፦ “ምሳ የምታመጣው ናት ያልኳችሁ።”

ሁሉም ዞሩ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር፤ አልተከፈተችም። ሽማግሌው ወደ እኔ መጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። “ልጄ፣ ይሄ ሞተሩ ጋ የጠቆረው በምንድን ነው? ቀለም አይደለም።”

“በእንቁላል ውሃ።”

ሳቁ። እኔ ስላልሳቅኩ ተዉት። “ቀቅዬው” አልኩ። “ፎይሉን።” ከዚያ አቅጣጫ እንዳለው፣ አንዱን በቁመት አንዱን በአግድም እንደምለጥፍ... ስንት አወራሁ። ድምፄ ቀጭን ነበር፣ ለመስማት ጎንበስ ይሉ ነበር። ይጎንበሱ።

እማዬ ሳህን እያደለች ከሩቅ ታየኛለች። “እንዲያ ነው እንጂ” የሚል ፊት የላትም። “ምነው እስከ ዛሬ” የሚል ፊት ነው ያላት።

አልታረቅኩትም፣ እሱን። በመንገድ ላይ ሲያወራኝ አጭር አጭር ነው የመለስኩለት። ቤት እንደገባን አውሮፕላኑን ጠረጴዛው ላይ አቆመና “አሁንማ አለቀ፤ ቀኙን አስተካክይልኝ” አለኝ።

“አንተ አስተካክለው።”

ጥቅሉን ወደሱ ገፋሁለት። ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ተቀመጠ። የተጨማደደውን በጥፍሩ እየላጠ ማንሳት ጀመረ። አዲስ ፎይል ዘረጋ፣ ምላጩን አነሳ።

ትልቅ ቆረጠ፣ አሁንም። አየሁት፣ አልተናገርኩም። ይጨማደድበት። እኔም ስንቱን አጨማድጄ ነው የተማርኩት።