ቀይ ነጥብ የታደሉ ሰዎች ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩት ዶክተር አብሳሎም ከፈለ
የስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል ኃላፊ
ጅማ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እንቅልፍዎ፣ ደም ግፊትዎ፣ በተለይም ኩላሊቶችዎ በደህና እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። ኩላሊትዎን ነጥዬ መጠየቄን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ የሰውን ሁሉ ኩላሊት የነገ ዕጣ እርስዎ አስቀድመው ሲያውቁ፣ የእርስዎን ዞር ብሎ የሚጠይቅ ያለ ስላልመሰለኝ ነው።

እኔ የበቾ ቦሬ ነዋሪ ነኝ፤ በአንድ መጽሔት ላይ የሰርግና የፍቺ ወሬ በመጻፍ የምተዳደር። ባለፈው ወር ወደ ኪቶ ፉርዲሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው አዳራሽ የጥናትዎን ውጤት ሲያቀርቡ ከተጋበዙት አንዷ ነበርኩ። ለተጋባዦች የታደለው ቦርሳ ደርሶኛል። እስክሪብቶውም ደህና ይጽፋል፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በእሱ ነው።

ክፍልዎ ከሁለት ዓመት በፊት የታካሚዎቹን ዕድሜ፣ በስኳር የኖሩበትን ዘመን፣ የደም ግፊታቸውንና በሽንታቸው የተገኘውን ፕሮቲን አስልቶ፣ ኩላሊቱ ሊደክም ለሚችል ሰው የቀጠሮ ካርዱ ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ፣ ለማያሰጋው ደግሞ አረንጓዴ ነጥብ መለጠፉን ሲያስረዱን አዳራሹ ማስታወሻ ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኩላሊታቸው ከደከመባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቀይ የተለጠፈላቸው መሆናቸውን ሲነግሩን ግን አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄን ይቅር ይበለው። ቀጥሎ ለምሳሌ ያህል አንድ ካርድ በስክሪኑ ላይ አሳዩን። ስሙ በጥቁር ተሸፍኗል። ‹‹የ63 ዓመት የቡና ገበሬ፣ የቡ፤ ተጠሪ እህት፣ በቾ ቦሬ›› የሚለው ግን አልተሸፈነም። እህቱ ሳቢሃ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት። ምሳሌዎ የቡ ከተባለው የቡና አገር የሚመጡት ወንድሟ ኦቦ ቲጃኒ ነበሩ።

እንግዲህ ከምስጋናዬ ጋር ጥቂት አቤቱታ ባቀርብ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ በማድረግ፦

1ኛ. ስለ ነጥቡ ቀለም። ኦቦ ቲጃኒ ያን ነጥብ መጀመሪያ ባዩ ቀን ነርሷን እታገኝን ‹‹ልጄ፣ ይቺ ደግሞ ምንድናት?›› ብለው ጠይቀዋት ነበር። እሷም፣ ወረፋው እስከ ደረጃው ድረስ ተሰልፎ፣ ‹‹የጥናት ናት አባባ፣ አይጨነቁ›› አለቻቸው። እሺ ብለው አልተጨነቁም። የቡ ውስጥ ደግሞ ቀይ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም አይጠፋውም። ቀይ የቡና ፍሬ የደረሰ ነው፤ መረከቢያው ሚዛን ላይ የሚወጣው እሱ ነው። አረንጓዴ ቀላቅሎ የመጣ ‹‹ይዘህ ተመለስ›› ይባላል። ስለዚህ ሰውዬው ፈተና እንዳለፈ ሰው ካርዳቸውን ለሚኒባሱ ሁሉ እያሳዩ ወደ ቤታቸው ገቡ። በየቀጠሮው አብሯቸው የሚመላለሰውን ኩመራን፣ የእሱ ነጥብ አረንጓዴ ነበርና፣ ‹‹ያ ኩመራ፣ አንተ ገና ጥሬ ነህ፣ ሁለት ክረምት ይቀርሃል!›› እያሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያበሽቁት ኖሩ። ኩመራም እልህ ይዞት እታገኝን ‹‹እህቴ፣ ለእኔም ቀዩን ለጥፊልኝ እንጂ፣ ምን አጠፋሁ?›› ብሎ እስከ መለመን እንደደረሰ ራሱ ነግሮኛል። ሲነግረኝ ግን አልሳቀም።

2ኛ. ስለ ጉልበት። ኦቦ ቲጃኒ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ለጉልበታቸው ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዙትን ማስታገሻ ጠዋትና ማታ ይውጡ ነበር። እንዲህ ያለው ክኒን ለደከመ ኩላሊት ጠላት መሆኑን እኔ የሰማሁት ከእርስዎው አንደበት ነው፤ በአዳራሹ፣ ከሻይ ዕረፍቱ በፊት። ሲያስረዱ ደግሞ ያውቁበታል፤ ቋንቋዎ ግልጽ፣ ምሳሌዎ ቅርብ ነው። የጎደለ ነገር ቢኖር፣ ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ጉልበቱን የሚያመው የቡ ገበሬ አለመኖሩ ብቻ ነው።

ዛሬ ኦቦ ቲጃኒ በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት ስለሚሄዱ በእህታቸው ጓዳ ውስጥ ተኝተዋል። እግራቸው ጫማ አይገባለትም። ውሃ በሻይ ብርጭቆ እየተለካ ይሰጣቸዋል። የቡ ላይ ቡናቸው ደርሶ ቅርንጫፉ ጎንብሷል፤ የሚለቅሙላቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ ከእነሱም ፊተኛው ያ ጥሬው ኩመራ ነው።

3ኛ. ስለ ሳቢሃ፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ እሷ ናት። ሳቢሃ ለሰፈሩ ሁሉ ስኳር ስትመዝን የምትውል፣ ራሷ ግን ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ቀምሳው የማታውቅ ባለሱቅ ናት። ከአዳራሹ በተመለስኩ ማግስት የቀጠሮ ካርድሽን አሳዪኝ አልኳት። ከሚዛኑ ሥር አወጣችልኝ። ቀይ ነው።

ክቡር ዶክተር፣ የነገርኳት እኔ ነኝ። ነጭ ጋውን የለኝም፤ ያለኝ የእርስዎ እስክሪብቶ ነው። ሳቢሃ ሰምታ ስትጨርስ ካርዷን መልሳ ከሚዛኑ ሥር ከተተችው። ‹‹ወንድሜ እንዳይሰማ›› አለችኝ። ‹‹ወላሂ፣ በዚያች ነጥብ እኮ ደስ ብሎት ነበር።››

እስካሁን አላበጠችም። ጊዜ አላት። መሮጥ ያለበት ሰው ቢሮጥላት የወንድሟ መንገድ የእሷ መንገድ ላይሆን እንደሚችል የነገሩን እርስዎ ነዎት፤ ‹‹በጊዜ ከተደረሰበት›› ብለዋል፣ ማስታወሻዬ ላይ አስምሬበታለሁ። ይሁንና የሳቢሃ ቀጠሮ ግንቦት ነው። የኩመራም ግንቦት ነው። ቀዩም አረንጓዴውም እኩል ስድስት ስድስት ወር ይቀጠራል፤ ይህን ፍትሐዊነት ሳላደንቅ አላልፍም። ቀጠሮዋ ሳይደርስ ለምን አትመጣም እንዳይሉኝ፣ መጥታለች። የሽንት መመርመሪያው አልቋል ተባለች፤ ፋይሏም ለጥናቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ተወስዷል ተባለች። ‹‹ስትፈለጊ ይደወልልሻል›› ብለዋታል። ይኸው ስልኳን ከሚዛኑ አጠገብ አስቀምጣ፣ በጠራ ቁጥር እጇን እየጠረገች ታነሳለች። እስካሁን የደወለው ኩመራ ብቻ ነው፤ ቡናው ስንት ከረጢት እንደወጣው ለመንገር።

አራተኛም ነበረኝ፤ ትቼዋለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳቢሃን ይጥሯት። ለጥናት ሳይሆን ለሕክምና፣ ለግንቦት ሳይሆን ለፊታችን ሰኞ። በቀይ ነጥቡ ደስ ብሏቸው በየመንደሩ የተቀመጡትን ሌሎቹንም እንዲሁ። ስማቸው ከእርስዎ መሳቢያ በቀር የትም የለም።

ትንበያዎ ያልሳተ፣ ስላይድዎ ያልደበዘዘ፣ ጭብጨባዎ ያልተቋረጠ ይሁን እያልኩ፣ አንድን ሰው ሊወድቅ መሆኑን አይተው፣ መዝግበው፣ መውደቁንም በትዕግሥት ጠብቀው ስላረጋገጡልን ከልብ አመሰግናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጥናትዎ ምሳሌ ጎረቤት
አቢጊያ ደሬሳ
በቾ ቦሬ፣ ታኅሣሥ

ተጨማሪ፦ የእኛ ግድግዳ ስስ ነው፤ ኦቦ ቲጃኒ ከጓዳ ሆነው ሁሉን ሰምተው ኖሯል። አልተቆጡም። ‹‹አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም›› አሉ። ‹‹ሰው ቀይ ለቅሞ በከረጢት አስሮ አይተኛም። የዚያኑ ቀን ካልተፈለፈለ ወይም ማድረቂያ አልጋ ላይ ካልተሰጣ ይበሰብሳል። ይህን ካላወቀ ታዲያ ለምን ይለቅማል?›› መልሱን ስላላወቅኩት፣ ኩመራ ትናንት ከማሳቸው የለቀመውን ቀይ እሸት ቡና በከረጢት አስሮ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኮልዎታል። እባክዎ ጠረጴዛዎ ላይ ያኑሩት፤ እስከ ሳቢሃ ቀጠሮ፣ እስከ ግንቦት ድረስም አይፍቱት። ምን እንደሚሆን መተንበይ ለእርስዎ አይከብድም።