ስንዝር ተኩል

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጌታነህ፣ ሰመራ

ደህንነትህን አልጠይቅም፤ ባለፈው ሳምንት በስልክ ስትጮህብኝ ሳንባህ ጤነኛ መሆኑን ሰምቻለሁ። ደብዳቤ የጻፍኩት «ኔትወርክ ተቆራረጠ» ብለህ እንዳትዘጋብኝ ነው።

ለሚስትህ ለሜሮን የላክኸውን መልእክት አሳየችኝ። ልጃችሁን ኢያኤልን በሦስት ሳምንቷ በስልክ ብታሳይህ፣ ሕፃኗ አንተን ትታ ወደ መስኮቱ አየች፤ አንድ ዓይኗም ወደ አፍንጫዋ ዞረ። አንተም ከቢሮ ጓደኞችህ ጋር መክረህ «በእናንተ ዘር ዕውር አለ እንዴ?» ብለህ ጻፍክላት። አሥራ ስድስት ዓመት ተምረህ የደረስከው እዚህ ነው።

እኔ ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። የማላውቀውን ግን እጠይቃለሁ። እናትና ልጅን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ሰሊሆም ዓይኗን በባትሪ አየችና ሳቀች።

«አባባ፣ ዓይኗ ደህና ነው። አራስ ልጅ ከሠላሳ ሴንቲ ሜትር በላይ አጥርቶ አያይም። ስትጠባ የእናቷን ፊት ታያለች፤ ለጊዜው ይበቃታል።»

«የሚንሸዋረረውስ?»

«ሁለቱን ዓይን አንድ ላይ ማዘዝ ገና እየተማረች ነው። አራት ወር አልፏት ካልተዋት ያምጧት።»

«አባቷ በስልክ አላየችኝም ብሎ ተቀይሟል።»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

ሠላሳ አንድ ማለት አሳፈረኝና ሕፃኗን አቅፌ ወጣሁ።

ሠላሳ ሴንቲ ሜትር በእኛ በሸማኔዎች ልክ ስንዝር ተኩል ነው። የላክኸው ፈዛዛ ሮዝ አሻንጉሊት ለእሷ ጭጋግ ነው፤ ለዶሮ ጣልኩት። ከአልጋዋ በላይ ጥቁርና ነጭ የጥለት ቁራጭ ሰቀልኩላት፤ ዓይኗን አልነቅልም አለች። አሁን ሁለት ወር አልፏት መወርወሪያዬን ከግራ ወደ ቀኝ ስወረውር ትከተለዋለች። ዕውር ያልካት ልጅ ሥራዬን ትቆጣጠራለች።

ሜሮን ግን ሻንጣዋን አውርዳለች። «አባባ፣ ክርስትናው እንዳለቀ ምዕራብ ዓባያ እናቴ ጋ እሄዳለሁ፤ እርስዎን አይደለም የምሸሸው» አለችኝ። አልከለከልኳትም። እኔም ብሆን እሄዳለሁ።

አንተ ወደ ክርስትናው ና ስልህ «ሕፃን ምን ያውቃል፣ ስታውቀኝ እመጣለሁ» አልክ። ይህን ቃል ከእኔ ነው የወረስከው። አንተ ስትወለድ ሽሮ ሜዳ ሸማ እሠራ ነበር፤ እንዳንተው ብዬ ዓመት ሲሞላህ እናንተ ወደነበራችሁበት ወደ ጨንቻ መጣሁ። ዓይንህ በጣም ደህና ነበር፤ ገና ከደጅ አየኸኝና ጮኸህ እናትህ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጥክ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እጄን ስዘረጋ ሸሸኸኝ፤ ከዚያ ተመልሼ ሄድኩ። የነገርኩህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ሞኝነት በአንድ ቤት ሁለት ጊዜ ሲደገም ማየት ስለሰለቸኝ ነው።

ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል። መጥተህ መጀመሪያ ሜሮንን ይቅርታ ጠይቅ፤ በእኔ ፊት፣ ጮክ ብለህ። ከዚያ ልጅህን ታቀፍ፤ ስንዝር ተኩል አስጠጋት። ጢምህንም አትላጨው፤ ጥቁር ነገር ቶሎ ይታያታል። የእኔ ጢም ነጭ ነው፤ ሆኖም ትናንት ጠዋት አተኩራ አየችኝና ፈገግ አለች። ፈገግታው የአንተ ነበር። እኔ ምን ላድርገው?

አምላክ ልቦና ይስጥህ፤ መንገድህንም ያሳጥርልህ።

አባትህ
ሀብተጊዮርጊስ