የታጨቀው ኮከብ

ሞጣ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ አሁን ብርዱ ጀምሯል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ጎረቤታችን ሀሲና ነን። ጽፌ ስጨርስ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለአርሴማ፣

እንደምን ሰነበትሽ? በዚያ በጀርመን ብርድ ደረትሽን ሸፈን አድርጊ። እኔ ደህና ነኝ።

በድምፅ የላክሽውን መልእክት ሰማነው። «ይህን ሁሉ ዓመት ለፍቼ መልሱ አልተገኘም፤ ትቼው ልምጣ። ቢቸና የፊዚክስ አስተማሪ ይፈልጋሉ፤ የትምህርት ማስረጃዬን አስገቢልኝ» ብለሻል። ያኔውኑ ፍራሽሽን አውጥቼ ፀሐይ አስመታሁት፤ አልጋሽ ላይም ዘረጋሁት።

ቀጥሎ ግን ስለምታጠኚው ኮከብ ያልሽውን ደግሜ ሰማሁ። እኔ ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ ወሬው መሀል ላይ ተቀዶ ሲቀር የቀረውን ሳስብ እውላለሁ። ያንቺም ነገር እንደዚያው ያዘኝ። ከፀሐይ የሚከብድ ኮከብ ሞቶ፣ በእግር በግማሽ ቀን በሚታለፍ ስፍራ ታጭቆ ይቀራል! ከእሱ አንድ ማንኪያ ተራራ ያህል ይመዝናል! መሀሉ ላይ ኒውትሮን ያልሻቸው ደቃቅ ቅንጣቶች ያን ያህል ተጨናንቀው እንደየራሳቸው ይቆያሉ ወይስ ፈርሰው ከእነሱም የሚያንሰው ኳርክ ያልሽው ብቻ ይሆናሉ? እርግጡን የሚያውቅ የለም አልሽና ድምፅሽ ተሰበረ። እኔን ያስደነቀኝ ግን እሱው ነው። ማንም ሄዶ ሊነካው የማይችለውን ነገር ከዚህ ሆናችሁ መርምራችሁ፣ «እስከዚህ እናውቃለን፤ ከዚህ ወዲያ ገና ነው» ማለታችሁ!

ሀሲና ስለ ኮከብ እንደምትማሪ ለሰፈሩ አውርታ ኖሮ፣ ጎረቤታችን ውበቴ ትናንት የልጇን ኮከብ ልታስቆጥር መጣች፤ የሙሽራውን የእናት ስም ሳይቀር ይዛ።

«የአርሴማ ኮከብ እኮ የሞተ ነው» አለቻት ሀሲና።

«ውይ! በሞተ ኮከብ ልጄን አልድርም!» ብላ ወጣች። እስኪደክመን ሳቅን።

ማስረጃሽን ነገ ቢቸና አደርስልሻለሁ። የጀመርሽውን የሚያበራልሽ አምላክ አይለይሽ።

እናትሽ ፀሐይነሽ

ረቡዕ፣ ሳይላክ የጨመርኩት፦

ጠዋት ማስረጃሽን በላስቲክ ጠቅልዬ መናኸሪያ ሄድኩ። የቢቸናው ሚኒባስ ሞልቷል፤ ረዳቱ ግን «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ገና ሦስት ሰው ይይዛል!» ይላል።

«የት ላይ? ጭንህ ላይ?» አሉት አንዲት ባልቴት።

እየተነጫነጭን ተጠጋን። ሦስቱ ገቡ። አሁንም «ጠጋ!» አለ። ስንት ሰው ሲጨመር ነው መጠጋት የሚያበቃው ብዬ ሳስብ፣ ስለ ኮከቡ የጠየቅሽው ይኸው መሆኑ ገባኝ። ይህን የምትጠይቅ ልጅ ወልጄ፣ ጥያቄዋን የሚያስጥላትን ወረቀት ታቅፌ ተቀምጫለሁ።

«ልውረድ» አልኩ።

«እናቴ፣ ቦታዎን ያጣሉ!» አለኝ ረዳቱ።

ወረድኩ። ዞር ስል በእኔ ቦታ ሁለት ሰው ገብቷል።

ይህን አንብበሽም እመጣለሁ ካልሽ፣ መኪናው በየቀኑ አለ። ቤት ገብቼ ማስረጃሽን ሳጥኑ ውስጥ መለስኩ። ከዚያ ፍራሽሽን ጠቅልዬ አሰርኩት።