አሥራ ሁለት ነው ብያለሁ

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 10፡30

ጀውሃ። እትዬ ዘይነባ ምግብ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ ያለችው ጠረጴዛ። የደ. ተሳቢ ውጭ ቆሟል። እሱ እጁን እየታጠበ ነው። (ደ. ማለት ደረጀ ነው፣ ታላቅ ወንድሜ። ስሙ እቤት ስለማይጠራ አንተም ላይ አሳጠርኩት፣ ደብተሬ።)

አዲስ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ጀምረናል። ጥላውን የተሰረቀ አንጥረኛ ነው። ጥላው እንዲመለስለት ሰባት መዶሻ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ዓርብ ዓርብ ይወጣል፣ ቅዳሜ ጠዋት የአኒሜ ወዳጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አገኘዋለሁ፣ አውርጄ በሚኒባስ ጀውሃ እመጣለሁ። ደ. ከኮምቦልቻ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ እዚህ ምሳ ይበላል። አንዷን ማዳመጫ እሱ ጆሮ፣ አንዷን እኔ ጆሮ። ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እኔ እተረጉማለሁ። እትዬ ዘይነባ በትከሻችን ላይ ያያሉ።

ክ. 1 (ክፍል አንድ) አለቀ። እንደ ሁልጊዜው ለመንኩት። ሮቢት በመንገድህ ናት፣ ቤታችንን አልፈህ ነው የምትሄደው፣ ዛሬ እንኳ ግባ አልኩት። ሳቀ። ይሄ ፊልም ያለቀ ቀን እገባለሁ አለ። ማል አልኩት። ገብርኤልን ብሎ ማለ። እትዬ ዘይነባ ምስክር።

ለምን እንደሳቀ ገብቶኛል። ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት ያየናቸው ሁሉ ስንት መቶ ክፍል ያላቸው ነበሩ። ሽበት እስኪያወጣ የሚቆይ መስሎታል። ያሞኘኝ መስሎታል።

ጥቅምት 2፣ እሑድ። ጠዋት

ግሩፑ ሃያ አራት ክፍል ነው ይላል። አንዱ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል ብሎ በረጅሙ ጽፎ ሰበከ። 

እኔ ግን ሒሳቡን ሠራሁት። ታሪኩ የተወሰደው ከመጽሐፍ ነው። መጽሐፉ እስካሁን ስድስት ቅጽ ብቻ ነው የወጣው። ክ. 1 የመጀመሪያውን ቅጽ ግማሽ በላ። ስድስት ቅጽ፣ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ። አሥራ ሁለት። አለቀ። ከመጽሐፉ አልፈው ከየት ያመጡታል? የዛሬ ጊዜ አዳዲሶቹ ደግሞ አብዛኞቹ አሥራ ሁለት ክፍል ናቸው።

አሥራ ሁለተኛው ቅዳሜ ታኅሣሥ 18 ነው። የገብርኤል ዋዜማ! በማን እንደማለ አላወቀም። ገናን እቤቱ ይውላል።

ለእማዬ ነገርኳት። በካርቱን ይማላል እንዴ ብላ ተቆጣች። ቆየት ብላ አሥራ ሁለት ቅዳሜ መቼ ላይ ይውላል አለችኝ።

አዲስ ደብተር ስለሆንክ ይሄን እወቅ። አባባ የውሃ አባት ናቸው። ከሮቢ ወንዝ የሚወጣውን የቦይ ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያካፍሉ እሳቸው ናቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት ደ. ሽንኩርት ነበረው። ፀሐዩ ጠናበት፣ ተራው ሳይደርስ ቦይ ሰብሮ አጠጣ። ሌላ ሰው ቢሆን በተግሣጽ ይታለፍ ነበር። አባባ ግን ለልጄ ካደላሁ ማን ያምነኛል ብለው በሰው ፊት አቆሙት፣ ሁለት ዙር ውሃ ከለከሉት። ሽንኩርቱ እንደቆመ ደረቀ። ደ. ረዳት ሆኖ መኪና ላይ ወጣ፣ ቆይቶ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሮቢትን የሚያልፈው መስኮት ዘግቶ ነው። አባባም ስሙን አይጠሩም። ማሳውን እኔ አርሳለሁ፣ የውሃ ተራውም በኔ ስም ነው።

ጥፋተኛው ማን ነው ብትለኝ ሁለቱም። ግትርነቱን ግን ልጁ ከአባቱ ነው የወረሰው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ክ. 3። የመጀመሪያው መዶሻ ተገኘ። ደ. በሶፍት ላይ ሒሳብ ሠራልኝ። በሦስት ክፍል አንድ መዶሻ፣ ሰባት መዶሻ ሃያ አንድ፣ የመጨረሻው ጦርነት ሲጨመር ሃያ አምስት። ሁዳዴ ጾም ገብቶ ነው የምንገናኘው አለ። ጥርሱን እያሳየኝ።

መዶሻ አይቆጠርም፣ ቅጽ ነው የሚቆጠረው አልኩት። ሽንኩርት በቅጠሉ ማን ይገምታል? አንተ ራስህ ገበሬ አልነበርክም እንዴ? ይቺን ስል ፊቱ ተለወጠ። ገበሬ የሚለውን ባልነካው ይሻል ነበር። እንጀራውን ሳይጨርስ ተነሳ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ። ሚኒባስ ውስጥ

ክ. 5። ጉድ ሆንኩ።

አንጥረኛውና አንድ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያወሩ ሃያ ደቂቃው አለቀ። በቃ። ዝናብ ዘነበ፣ አባራ፣ ወሬ። ከመጽሐፉ አሥር ገጽ አይሞላም። በዚህ አካሄድ ሃያ አራትም አይበቃው።

አሥራ ሁለት ነው ብዬ ጽፌ ስለነበር ግሩፑ አላገጠብኝ። ደ. ሻይ ጋበዘኝ፣ ስኳሩን ራሱ አማሰለልኝ። እንዲህ ደግ ሲሆን ነው የምጠላው። እትዬ ዘይነባ ብቻ አይዞሽ አሉኝ፣ ሽማግሌው ምን ነበር ያለው፣ ድገሚልኝ አሉ።

ሸዋ ሮቢት እስክንደርስ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ስታናግረኝ አልመለስኩላትም። ነውር ነው፣ አውቃለሁ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ደ. አልመጣም። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ጣርማ በር ላይ መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቶበታል። ደወለ፣ ደህና ነው፣ ብርዱ ብቻ ገደለኝ አለ። የቆላ ልጅ።

እትዬ ዘይነባ ክ. 7ን ለብቻችን እንይ አሉ። እሱ ሳይኖር አይሆንም አልኩ። ወላሂ አንቺ ልጅ ክፉ ነሽ አሉኝ። ፍርፍር አቀረቡልኝና እስክጨርስ ስልኬን በዓይናቸው ጠበቁት።

ሳስበው ከፊልሙ ይልቅ የናፈቀኝ ማዳመጫ መካፈሉ ነው። ይሄ ነገር አልቆ ካልገባስ? ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በምን ሰበብ ላገኘው ነው?

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 11፡00

ብያለሁ! ብያለሁ! ብያለሁ!

ሁለቱን አከታትለን አየን፣ ክ. 7 እና 8። አንድ ቅጽ ተኩል ጠራርገው በሉ። ሁለት መዶሻ በአንድ ቀን። በወሬ ያባከኑትን በሩጫ መለሱት። ቆጠርኩ፣ አራት ቅጽ በስምንት ክፍል። ልክ እንዳልኩት፣ ስንዝር አልጎደለም። ተነስቼ አጨበጨብኩ፣ ምስር የሚበሉት ሾፌሮች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ይዩኝ።

ግሩፑ ላይ ሒሳቡን ለጠፍኩት። ያ ሰባኪው ሰውዬ መልእክቱን አጠፋ። የጠፋውን ግን ፎቶ አንስቼ ይዤዋለሁ።

ደ. አላሾፈም። ሻዩ ቀዘቀዘበት።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ክ. 10 መሃል ላይ ደ. ማዳመጫውን አወጣ። አባባን ጉልበታቸውን አሁንም ያማቸዋል ወይ አለኝ።

ደብተሬ፣ አባባ አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሰውዬሽ፣ አባትሽ፣ ጋሽ በቀለ ሲል ነው የሰማሁት። ጠዋት ጠዋት ያነክሳሉ፣ ቦዩን ግን በእግራቸው ነው የሚዞሩት አልኩት። ማዳመጫውን መልሶ አደረገ። የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ እንዳላየው አውቃለሁ፣ ማን እንደሞተ ስጠይቀው ተሳሳተ።

ፈርቷል። ሁለት ቅዳሜ ቀረው።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ። ማምሻውን

አሥራ ሁለት። አለቀ። ዓለም ሁሉ ሃያ አራት ሲል እኔ አሥራ ሁለት ብዬ አሥራ ሁለት ሆነ። ግሩፑ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ።

ደስ አላለኝም። ለምን ብትል፣ አንጥረኛው አራተኛውን መዶሻ ይዞ ተራራው ላይ ቆመ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከዚያ ጽሑፍ መጣ። ሁለተኛው ሲዝን በዝግጅት ላይ ነው ይላል። ሞኝ ነኝ፣ ጮክ ብዬ ተረጎምኩት።

ደ. ከወንበሩ ዘለለ። አላለቀም አለ። ሦስት መዶሻ ይቀራል፣ ጥላው አልተመለሰለትም፣ እኔ የማልኩት ሲያልቅ ብዬ ነው አለ። አሥራ ሁለት ክፍል ብለን አልነበር አልኩት። አሥራ ሁለት ያልሽው አንቺ፣ ሲያልቅ ያልኩት እኔ አለ። እትዬ ዘይነባን ይዳኙን ብዬ አየኋቸው። ቸገረኝ ልጄ አሉ፣ ማለቁስ አልቋል፣ ጥላው ግን የት አለ?

ተነስቶ ሄደ። የኔ ሚኒባስ ከኋላው ነበር። ሮቢት መግቢያ ላይ የፍሬን መብራቱ በራ።  ከዚያ ጠፋ፣ አልቆመም።

አልቅሻለሁ። የንዴት ነው።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ። የገብርኤል ቀን፣ ረፋድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባባን ተከትዬ ቦይ ወረድኩ። በነጠላቸው እንደሆኑ የቦዩ አፍ ላይ የበቀለውን ሣር ይነቅላሉ። እኔም እየነቀልኩ እንደ ዋዛ ጠየቅኳቸው። ሁለት ሰዎች ዙሩ ሲያልቅ እንዲህ አደርጋለሁ ተባብለው ቢማማሉ፣ ዙሩ ሲያልቅ ደግሞ አንደኛው ሌላ ዙር ስለሚመጣ አላለቀም ቢል፣ የውሃ አባት ምን ይፈርዳል?

ቀና አላሉም። ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ «ዙር አለቀ የሚባለው ውሃው የመጨረሻውን ማሳ ያጠጣ ጊዜ ነው። ሌላ ዙር ሁልጊዜም ይመጣል። ወንዙ እስኪያልቅ የሚጠብቅ ሰው ሰበብ ነው የሚፈልገው።»

ከዚያ የማን ማሳ ነው አሉኝ። የሰው አልኩ። ሣራቸውን መንቀል ቀጠሉ።

እየሮጥኩ ወጣሁ፣ አንድ ቃል ሳልጨምር ለደ. ጻፍኩለት። ማን ነው ያለው ብሎ መለሰ። ገምት አልኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ፦ ሌላ ማን እንዲህ ይናገራል።

ሌላ ምንም አልጻፈም። እኔም አልጎተጎትኩትም፣ እመነኝ፣ ይቺ ለኔ ትልቅ ነገር ናት።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ፣ ጽሑፌን ታገሠው።

ዛሬ የአዲሱ ዙር ተራ ተነበበ። ሰው ሁሉ የቦዩ አፍ ላይ ተሰብስቧል። አባባ ከወረቀቱ ላይ እያነበቡ ነው፣ ጋሽ ይመር ቅዳሜ ጠዋት፣ ይላሉ። ቀጥሎ የኔ ስም ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጋሽ ይመር ቀጥሎ የኔ ስም ነው። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደረጀ በቀለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አሉ።

 ከዚያ ጋሽ ይመር በቀስታ አልሐምዱሊላህ አሉ። አባባ ወደሚቀጥለው ስም አለፉ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው።

እቤት ስደርስ እማዬን ያዝኳት። ስለ መሐላው አንቺ ነሽ የነገርሻቸው አልኳት። አልካደችም። ከጥቅምት ጀምሮ ያውቃሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጀውሃ ስመለስ፣ እኔ እግሬን ስታጠብ፣ አባባ እሷን ጠርተው ስንተኛው ደረሰ እያሉ ይጠይቋት ነበር። የዛፍ ሥሩ ወሬ ሳምንት ተናደው እራት አልበሉም።

አባባ ቆጥረዋል፣ ደብተሬ። አንድም መዶሻ ሳያዩ አሥራ ሁለቱንም ቆጥረዋል።

ለደ. ደወልኩ። ስምህ ተነበበ፣ ነገ ከሰዓት ተራህ ነው አልኩት።  ከዚያ ቦት ጫማዬ አለ ወይ አለ።

አለ። እኔ ነኝ የማደርገው፣ ግን አለ።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 9፡20። ቦይ ዳር

ዛሬ ጀውሃ አልሄድኩም። ዛሬ እሱ ነው የሚመጣው። እትዬ ዘይነባ ሁለት ጊዜ ደውለዋል። ከነሱ ተነስቷል፣ ምሳም አልበላም። ሁለተኛው ሲዝን ሲመጣ ያለኔ እንዳታዩ ብለው አስምለውኛል።

ተሳቢው አስፋልቱ ዳር ቆመ። መስኮቱ ክፍት ነው። እማዬ እልል ልትል አፏን ይዛለች፣ አባባ በዓይን ስለገሠጿት። በማሾው ማሳ መሃል እየመጣ ነው። ከስቷል፣ አባባን መስሏል። ልነግረው ነው።

አልተቃቀፉም። አባባ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፣ አካፋውን ሰጡት። ውሃው የጋሽ ይመርን ማሳ ጨርሷል፣ ተራህ ደርሷል አሉት። ደ. እሺ አባባ አለ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። አባባ እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፉ፣ አላነሱትም።

ቁጭ ብዬ የምጽፈው እኔ ብቻ ነኝ። አሥራ ሁለት ብዬ ነበር፣ ይመዝገብልኝ። ውሃው ደርሷል፣ ደ. ቦዩን ከፈተ፣ ከታች በኔ በኩል ደግሞ ቦዩን ጥሶ እየፈሰሰ ነው፣ አባባ ያቺ ልጅ ምን ታደርጋለች እያሉ ነው፣ ሁለቱም ባንድ ድምፅ እየጠሩኝ